ለደብዛዛ መድረክ የሚበጅ ሌንስ፦ ካኖን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም

በአዲስ አበባ የጃዝና የአዝማሪ ቤቶች ሙዚቀኞችን ፎቶግራፍ ማንሳት የሚጀምሩ ወጣቶች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት የትኛውን ካሜራ ቢገዙ እንደሚሻል ነው። በእኔ እምነት ግን ገንዘቡ አስቀድሞ መዋል ያለበት በሌንስ ላይ ነው። በተለይም በእጃቸው ያለው ከ18–55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር አብሮ የተሸጠ የካኖን ካሜራ ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት ሊያስቡበት የሚገባው ካኖን ኢኤፍ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም የተባለው ትንሽ ሌንስ ነው። እዚህ ሌንሱን የምመዝነው ለአንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ይኸውም መብራቱ በደበዘዘና ፍላሽ መጠቀም በማይገባበት ጠባብ ቤት ውስጥ የሚጫወትን ባንድ ለማንሳት ነው። ለሠርግና ለቁም ፎቶ ምን ያህል እንደሚበጅ ሌሎች በሰፊው ጽፈዋል።

ሌንሱ እ.ኤ.አ. በ2015 ገበያ ላይ ሲውል የተካው ከ1990 ጀምሮ ሲሸጥ የኖረውን የዚሁ ሌንስ ሁለተኛ ስሪት ነው። በሁለቱም ውስጥ ያሉት በአምስት ምድብ የተደረደሩ ስድስት መስታወቶች ናቸው፤ ለውጡ የሚታየው በአካሉ ላይ ነው። ከካሜራው ጋር የሚገጥመው ቀለበት ከፕላስቲክ ወደ ብረት ተቀይሯል፣ በጩኸቱ የሚታወቀው የድሮው የፎከስ ሞተር ኤስቲኤም በሚባል ለስለስ ባለ ሞተር ተተክቷል፣ ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ የሚያጠብቡት ምላጮችም ከአምስት ወደ ሰባት አድገው ጠርዛቸው ክብ ሆኗል። የመጨረሻው ለውጥ ለመድረክ ፎቶ ትርጉም አለው፤ ቀዳዳው ትንሽ ሲጠብብ ከሙዚቀኛው ጀርባ ያሉት አምፖሎች በድሮው ሌንስ ባለ አምስት ማዕዘን ሆነው ይታዩ ነበር፣ በአዲሱ ግን ወደ ክብነት ይጠጋሉ። ክብደቱ 160 ግራም ብቻ ነው። ሲወጣ በአሜሪካ የተተመነለት ዋጋም ከ130 ዶላር አይበልጥም ነበር።

ዋናው ጉዳይ ኤፍ 1.8 የሚለው ቁጥር ነው፤ ይህ ቁጥር ባነሰ መጠን ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ይሰፋል። አብሮ የሚሸጠው ዙም ሌንስ ወደ 55 ሚሊ ሜትር ሲሳብ ቀዳዳው ከኤፍ 5.6 በላይ አይሰፋም፤ ይህ ሌንስ ግን በኤፍ 1.8 ሲከፈት ከዚያ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ልዩነቱ በተግባር ምን እንደሚመስል በምሳሌ ለማሳየት ያህል፣ አንድ መድረክ በዙሙ ሲነሣ ኤፍ 5.6፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 6400 እና 1/60 ሰከንድ የመዝጊያ ፍጥነት ይጠይቃል እንበል። እንደ ካኖን 600ዲ ባሉ ካሜራዎች 6400 የመደበኛው አይኤስኦ ጣሪያ ነው፤ በዚያ ላይ የተነሣ ፊት በነጠብጣብ ይሸፈናል፣ 1/60 ደግሞ የሚወዛወዝን ዘፋኝ ስለት ባለው ምስል ለመያዝ አይበቃም። በዚያው ብርሃን ሌንሱን ወደ ኤፍ 1.8 የከፈተ ሰው አይኤስኦውን ወደ 1600 አውርዶ ፍጥነቱንም ወደ 1/125 ማሳደግ ይችላል፤ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ያገኛል ማለት ነው። ይህን ያህል ለውጥ በካሜራ አካል ለማግኘት የሚወጣው ገንዘብ ከሌንሱ ዋጋ ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ፍላሽ ካለ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው ይኖራል። ፍላሽ ሙዚቀኛውን ያውካል፣ ተመልካቹን ያስቆጣል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የቤቱን ብርሃን ያጠፋል፤ ቀዩ አምፖልም፣ በከበሮው ቆዳ ላይ የሚያርፈው ጭላንጭልም፣ በጎድጓዳው ጥግ ያለው ጥላም በአንድ ብልጭታ ነጭ ሆነው ይቀራሉ። የሙዚቃ ቤት ብርሃን የቤቱ ማንነት አካል ነው፤ ቤቶቹ ደግሞ ዘላለማዊ አይደሉም። ሌንሱ ገበያ ላይ በዋለበት በዚያው ዓመት መባቻ፣ በጥር 2007 ዓ.ም.፣ በጣይቱ ሆቴል የተነሣው እሳት ጃዝአምባ የተባለውን የሙዚቃ አዳራሽ አወደመው። ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ለብዙ ዓመታት ስሙን የተከለበት የካዛንቺስ ሰፈርም ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰፊው ፈርሷል። ያ መድረክ ምን ይመስል እንደነበር ለማያውቅ ሰው የሚነግረው፣ በራሱ በቤቱ ብርሃን የተነሣ ፎቶ ነው።

ሌንሱ የምስል ማረጋጊያ የለውም፤ ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩት አሉ። ለዚህ ሥራ ግን ጉዳቱ ከሚባለው ያነሰ ነው። ማረጋጊያ የሚያስተካክለው የአንሺውን እጅ መንቀጥቀጥ እንጂ የሚነሣውን ሰው እንቅስቃሴ አይደለም፤ እስክስታ የሚመታን ትከሻ ማረጋጊያ አያቆመውም። ለዘፋኝ 1/125 አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ለመሰንቆ ተጫዋች ፊቱ በረጋበት፣ ደጋኑ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ደርሶ አቅጣጫ በሚቀይርበት ቅጽበት ከተነሣ ከዚያ ባነሰም ፍጥነት ይቻላል። እስክስታ ከ1/250 በታች ብዥታ ያመጣል። ለድራመር ግን ዱላዎቹ ትንሽ ቢደበዝዙ እመርጣለሁ፤ ሁሉም ነገር ቀጥ ብሎ የቆመበት የድራም ፎቶ ድምፅ የሌለው ይመስለኛል። እንደ ሙላቱ አስታጥቄ ባሉ ሙዚቀኞች እጅ የምናውቀው ቫይብራፎንም እንዲሁ ነው፤ መዶሻዎቹ ሲወርዱ የሚተዉት ጥላ በፎቶው ላይ ቢቀር ምቱ ይታያል።

የዚህ ሌንስ እውነተኛ ፈተና ፎከስ ነው። በኤፍ 1.8፣ አነስተኛ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበል ክፍል) ባለው ካሜራ፣ ሁለት ሜትር ላይ ያለ ፊት ሲነሣ ስለት ያለው ክልል ጥልቀቱ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በሦስት ሜትር ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። በመሆኑም ቀርቦ የሚያነሣ ሰው ፎከሱ ማይክሮፎኑ ላይ ካረፈ ዓይኖቹን ያጣል፤ በዘፋኝ ፎቶ ላይ በብዛት የሚታየውም ይኸው ነው፤ ማይክሮፎኑ ጥርት ብሎ ፊቱ ይደበዝዛል። መፍትሔው ካሜራው በራሱ ነጥብ እንዲመርጥ አለመፍቀድና መካከለኛውን የፎከስ ነጥብ ብቻ በዓይን ላይ ማሳረፍ ነው። ሞተሩ በጥሩ ብርሃን ደህና ቢፈጥንም በጨለማ ወዲያና ወዲህ እያለ የሚፈልግበት ጊዜ አለ፤ ይህ ግን ከሌንሱ ይልቅ በካሜራው የሚወሰን ነው። የ600ዲ የፎከስ ሥርዓት የሚሠራበት ዝቅተኛ ብርሃን በብርሃን መለኪያው ከዜሮ በታች ግማሽ እርከን ሲሆን (አንድ እርከን ሲወርድ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል)፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ካኖን 6ዲ በመካከለኛው ነጥቡ ከዜሮ በታች እስከ ሦስት እርከን ይወርዳል። ስለዚህ በዚያው ሌንስ አንዱ ካሜራ ሲያመነታ ሌላው ይይዛል። በ600ዲ ዓይነት ካሜራዎች ላይ መታወቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ፤ ብርሃን ሲያንስ ፎከስ ለማገዝ በካሜራው ላይ ያለው ፍላሽ ደጋግሞ ብልጭ ሊል ይችላል። ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት በሜኑው ውስጥ ይህን ማጥፋት የግድ ነው።

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተስፋ ሲያስቆርጥ በእጅ ማስተካከል ይቻላል፤ ቀለበቱ ግን በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ስለሆነ ካሜራው ጠፍቶ ሳለ ቢዞር ምንም አያንቀሳቅስም። በስክሪኑ ላይ ምስሉን አሥር ጊዜ አጉልቶ ለማየት የሚያስችለው አሠራር፣ ከማይክሮፎኑ ፊት ብዙ ለማይንቀሳቀስ ዘፋኝ ወይም ተቀምጦ ክራር ለሚደረድር ሰው ጥሩ ውጤት ይሰጣል።

የቦታ ጉዳይ ከሌንሱ ጥራት እኩል ሊታሰብበት ይገባል። አነስተኛ ሴንሰር ባለው የካኖን ካሜራ ላይ 50 ሚሊ ሜትር የሚያሳየው የ80 ሚሊ ሜትርን ያህል ጠበብ ያለ እይታ ነው። በሦስት ሜትር ርቀት አግድም ሲያዝ የሚያስገባው ስፋት 1.3 ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም ለአንድ ዘፋኝ ከወገብ በላይ፣ ለአንድ ሳክስፎን ተጫዋች ከነመሣሪያው የሚመጥን ነው። አራት ሜትር የሚሰፋን መድረክ በሙሉ ለማስገባት ግን ወደ ዘጠኝ ሜትር መራቅ ያስፈልጋል፤ ታዳሚው ከአዝማሪው ጋር ጉልበት ለጉልበት በሚቀመጥበት ቤት ይህ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ባንዱን በአንድ ፎቶ ለማሳየት የሚፈልግ ሰው በዚህ ሌንስ ይቸገራል። እኔ ግን ይህን ጠባብነት እወደዋለሁ፤ አንሺውን አንድ ሰው መርጦ እንዲጠብቅ ያስገድደዋል፣ የአዝማሪ ቤት ምሽት ደግሞ በፊቶች ላይ የሚካሄድ ነው፤ ግጥም የሚቀበለው አዝማሪ ሰሚውን የሚያይበት ዓይን፣ ግጥም የሰጠው ሰው ሲስቅ የሚያሳየው ገጽ፣ ሁሉም በዚያች 1.3 ሜትር ውስጥ ይገባሉ።

በብርሃን ቀለም ረገድ ሌንሱ የሚረዳው እስከ ተወሰነ ድረስ ነው። በቀይ ወይም በሰማያዊ ኤልኢዲ ብቻ የበራ ፊት የካሜራውን አንድ የቀለም መስመር አጥለቅልቆ ዝርዝሩን ያጠፋዋል፤ አጠቃላዩ ሂስቶግራም (የምስሉን የብርሃን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) ደህና ቢመስልም ቀዩ ለብቻው ሲታይ ጣሪያውን ነክቶ ይገኛል። ስለዚህ በሮው (ካሜራው ሳያቀናብረው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ማንሳት፣ የሦስቱን ቀለሞች ሂስቶግራም ለየብቻ ማየትና ትንሽ አጨልሞ ማንሳት ይሻላል። ከዘፋኙ ጀርባ ያለው ጨለማ የካሜራውን መለኪያ ስለሚያሳስትም፣ ብርሃኑን ከፊት ላይ ለክቶ በማንዋል መቆለፍ ይበጃል። በአገራችን ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ በመሆኑ አንዳንድ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ የአንዱ ፎቶ ብርሃን ከቀጣዩ ሲለይ ወይም በምስሉ ላይ መስመር ሲታይ ፍጥነቱን ወደ 1/100 ወይም ወደ 1/50 ማውረድ ይረዳል።

የምስሉን ጥራት በተመለከተ፣ በኤፍ 1.8 መሐሉ ለመድረክ ፎቶ በቂ ስለት አለው፣ ጠርዙ ግን ለስላሳ ነው፤ ጠርዙ ጨለማ በሆነበት ፎቶ ይህ ብዙም አይታይም። ብርሃኑ ከፈቀደ ወደ ኤፍ 2.2 ወይም 2.8 ማጥበብ ምስሉን በግልጽ ያሻሽለዋል። የበለጠ የሚያሳስበው ወደ ሌንሱ በቀጥታ የሚያበራ የመድረክ መብራት ነው፤ የምስሉ ንፅፅር ይቀንሳል፣ አንዳንዴም የመብራቱ ግልባጭ በሌላ ጥግ ላይ ብቅ ይላል፣ በብረት መሣሪያዎች ጠርዝ ላይም ሐምራዊ ቀለም ይታያል። ለብቻው የሚሸጠው የብርሃን መከለያ ከጎን የሚመጣውን ይቀንሳል፤ ከፊት ለሚመጣው ግን አንድ እርምጃ ወደ ጎን ማለት የተሻለ ነው።

ስለ ጸጥታም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። የሌንሱ ሞተር ለታዳሚው አይሰማም፣ የካሜራው መዝጊያ ግን ይሰማል። ዋሽንት ብቻውን በሚነፋበት ወይም ዘፋኙ ድምፁን ዝቅ በሚያደርግበት ጊዜ ካሜራን ማውረድ፣ ወይም እንደ 6ዲና 80ዲ ያሉት ያላቸውን ጸጥተኛ መዝጊያ መጠቀም፣ ለሙዚቀኛው የሚገባ አክብሮት ነው። ከመጀመሪያው ዘፈን በፊት ለቤቱ ኃላፊና ለባንዱ መሪ ነግሮ ፈቃድ ማግኘትም እንዲሁ።

ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር፣ ገንዘቡ ላለውና ራቅ ብሎ ለሚቀመጥ ሰው ኢኤፍ 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ፎከሱ በግልጽ ይፈጥናል፤ መላውን ባንድ ማሳየት ለሚሻ ደግሞ ማረጋጊያ ያለው 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2 ይመረጣል፣ የሁለቱም ዋጋ ግን ከዚህ በብዙ ይበልጣል። አዲሱን የካኖን አር ካሜራ የያዙ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣውን የአርኤፍ 50 ሚሊ ሜትር መግዛት ወይም ይህንኑ ሌንስ በማገናኛ መግጠም ይችላሉ። በዋጋውና በሚያስገባው ብርሃን መጠን ግን ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል አላውቅም።

ያገለገለ ለሚገዛ ሰው በሱቁ ውስጥ የሚደረጉ ጥቂት ምርመራዎች አሉ። ፎከስ ሲደረግ ከሌንሱ ፊት ወደ ውጭ የሚወጣው ክፍል ሳይንገዳገድ መውጣትና መመለሱ መታየት አለበት፤ መውደቅ ወይም መገጨት መጀመሪያ የሚጎዳው ይህንን ነው። ስሙ ላይ ኤስቲኤም የሚል መኖሩንና የኋላው ቀለበት ብረት መሆኑን ማረጋገጥ ከድሮው ስሪት ይለየዋል። በመጨረሻም የራስን ካሜራ ይዞ ሄዶ፣ ከሱቁ ውስጥ ጨለም ወዳለው ጥግ አዙሮ፣ በኤፍ 1.8 በተለያየ ርቀት ያሉ ጽሑፎችን አንስቶ በስክሪኑ ላይ አጉልቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ፎከሱ ከታሰበበት ፊት ወይም ኋላ የሚያርፍ ከሆነ፣ የካሜራው ሜኑ ይህን የሚያስተካክል ምርጫ ከሌለው በስተቀር ሌላ መጠየቅ ይሻላል።