አሮጌዋን የሩጫ ሰዓቴን ልቀይር ብዬ ነበር፣ በምትኩ ቼስት ስትራፕ አስመጣሁ

አምስት ዓመት ሊሞላት የተቃረበ የሩጫ ሰዓት አለችኝ። ጂፒኤስ አላት፣ የልብ ምት ከእጅ አንጓ ላይ ትለካለች፣ ስክሪኗ እንደ አዲሶቹ አያብረቀርቅም ግን ፀሀይ ላይ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ሰሞኑን አብረውኝ የሚሮጡት በሙሉ "ቀይሪያት እንጂ" ሲሉኝ ከርመው እኔም ልቀይራት ብር መያዝ ጀምሬ ነበር። አሁን አልቀይራትም፣ ቼስት ስትራፕ የሚባል ደረት ላይ የሚታሰር የልብ ምት መለኪያ ጨምሬላታለሁ። ለምን እንደሆነ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው፣ ምክንያቱም እንደኔው አሮጌ ሰዓት አስረው ቦሌ ላይ ከሱቅ ሱቅ የሚዞሩ ብዙ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፣ ዋጋው ደግሞ የዋዛ አይደለም።

ደህና የምትሰራውን ቶሎ ልለፈው። ርቀት፣ ፔስ (አንድ ኪሎ ሜትር የሚፈጀው ጊዜ)፣ ላፕ (የየዙሩ ሰዓት)፣ አላርም፣ የስልክ ኖቲፊኬሽን ሁሉም ሰላም ነው። የክረምት ዝናብ ስንት ጊዜ መትቷታል፣ ምንም አልሆነችም።

እኔን ያንገበገበኝ የልብ ምቷ ነው።

እንጦጦ ላይ ለሊት አስራ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ስንጀምር ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቀስ ብለን ነው የምንሮጠው፣ ከጎኔ ካለችው ልጅ ጋር ወሬ እያወራን፣ ትንፋሽ የሚባል ነገር ሳያጥረን። ሰዓቷን ገልጬ ሳያት 176 ትላለች። 176 ለኔ ዳገት ላይ ያለኝን ሁሉ ጨርሼ ስገፋ የሚመጣ ቁጥር ነው፣ እያወሩ የሚሮጡበት አይደለም። ግሩፓችን ውስጥ ድሮ ክለብ የሮጡ አንድ ጋሼ አሉ፣ ስነግራቸው አስቆሙኝና "ነይ እስቲ ልጄ፣ ሁለት ጣትሽን አንገትሽ ላይ አድርጊና አስራ አምስት ሰከንድ ቁጠሪ" አሉኝ። ቆጠርኩ፣ 34 መጣ፣ በአራት ሲባዛ 136። ስለቆምኩ ትንሽ ወርዷል ብንል እንኳን ልዩነቱ ወደ አርባ ነው! እዛው ቆሜ ደሜ ፈላ፣ ምክንያቱም ወራት ሙሉ ያቺን ቁጥር እያየሁ ነበር "ዛሬ ደክሞኛል" እያልኩ ፍጥነቴን የምቀንሰው።

ቤት ገብቼ ነገሩን አነበብኩት። ሰዓቷ ጀርባ ላይ ያለው አረንጓዴ መብራት ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ ደም በየምቱ ሲሞላና ሲጎድል ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይለዋወጣል፣ ሴንሰሩ የሚቆጥረው እሱን ነው። ብርድ ሲሆን ቆዳ ስር ያሉት ደም ስሮች ይጠባሉና ምልክቱ ይደክማል። በዛ ላይ እጅ ይወዛወዛል፣ ሰዓቷም በየእርምጃው ትነቃነቃለች፣ ሴንሰሩ የልብ ምቱ ሲጠፋበት የእርምጃውን ምት ይይዝና የልብ ምት ነው ብሎ ያሳያል። የብዙ ሯጭ እርምጃ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 ነው፣ የኔም እዛው መሀል ነው፣ ስለዚህ 176 ከየት እንደመጣ ግልፅ ነው፣ እግሬን ነበር የምትቆጥረው። ከአንጓ አጥንት ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ ጠበቅ አድርጉት ይባላል፣ እውነት ነው ይረዳል፣ ግን የኔ አንጓ ቀጭን ነው፣ ጎማው ክንዴ ላይ መስመር እስኪያወጣ አጥብቄያት እንኳን በጨለማው አረንጓዴው መብራት ከጎን ሾልኮ ሲወጣ ይታየኛል። መብራቱ ሾልኮ ከወጣ የውጪውም ብርሃን ይገባል ማለት ነው።

ታዲያ አንድ ቁጥር ቢሳሳት ምን ችግር አለው የሚል ሰው ይኖራል። ችግሩ ሰዓት ላይ የምናያቸው ሌሎች ብዙ ነገሮች ከዛ ቁጥር ነው የሚሰሉት። ሪከቨሪ (ምን ያህል እረፍት እንደሚያስፈልግ)፣ ትሬኒንግ ሎድ (የልምምዱ ጫና)፣ ቪኦቱማክስ (ሰውነት ሲሮጥ ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛው የኦክስጅን መጠን)፣ ስትረስ፣ ካሎሪ ሁሉም። ሚዛኑ የተበላሸ ባለሱቅ የፈለገውን ያህል ጎበዝ ደማሪ ቢሆን ሂሳቡ ልክ አይመጣም። ቀላል ሩጫ ሮጬ "ሶስት ቀን እረፊ" ትለኝ ነበር፣ ቪኦቱማክሴ ደግሞ በየሳምንቱ ይወርዳል። ቪኦቱማክስ ሰዓቱ የሚገምተው ፍጥነትን ከልብ ምት ጋር አነፃፅሮ ነው፣ አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ እንጦጦ አናቱ ላይ ከ3,000 ይበልጣል፣ እዚህ ከፍታ ላይ በተመሳሳይ የልብ ምት ባህር ጠለል ላይ ያለ ሰው የሚሮጠውን ፍጥነት መሮጥ አይቻልም፣ ስለዚህ ድሮም ዝቅ ያለ ቁጥር ነው የሚሰጠን። በሱ ላይ የውሸት 176 ሲጨመርበት በቃ ሰው የታመመ ነው የሚመስለው።

በዚህ ተናድጄ ነው ሱቅ የገባሁት። ልጁ ትሁት ነው፣ ስራውን ነው የሚሰራው፣ "እህቴ ይሄ እኮ ስክሪኑ አሞሌድ ነው፣ ቀለሙን እይው፣ የደም ኦክስጅን ይለካል፣ የልብ ኤሌክትሪክ የሚመዘግብ ኢሲጂ አለው፣ እንቅልፍሽን በደረጃ ይነግርሻል" አለኝ። እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፣ በብርድ ስሮጥ የልብ ምቱን ልክ ያሳየኛል? "አዲስ ሴንሰር ነው" አለኝ። አዲስ ሴንሰር መልስ አይደለም። መብራቱ ቢበዛ፣ አልጎሪዝሙ ቢሻሻል፣ የሚለካው አሁንም ከአንጓ ላይ በብርሃን ነው፣ አሁንም እጅ ይወዛወዛል፣ አሁንም እንጦጦ ይበርዳል። የተሻለ ነው ቢለኝ አምነዋለሁ፣ ብዙዎቹ አዲሶቹ በርግጥም የተሻሉ ናቸው፣ ግን ያንን ሁሉ ብር የማወጣው "በተወሰነ ተሻለ" ለሚል ነገር አይደለም። ኦክስጅኑንም ቢሆን ምን ላደርገው ነው? እዚህ ከፍታ ላይ የኦክስጅን ቁጥር ባህር ዳርቻ ላይ ከሚኖር ሰው ዝቅ ማለቱ የታወቀ ነው፣ ጠዋት ተነስቼ ቁጥር አይቼ ከምደነግጥ ቢቀርብኝ እመርጣለሁ።

ዋጋውማ አይነሳ። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪው ገበያ መር ሲደረግ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ መቶን አለፈ። ሰዓት ደግሞ እዚህ አይመረትም፣ ሁሉም በዶላር ወይ በድርሃም ተገዝቶ ነው የሚመጣው። እኔ ሰዓቴን የገዛሁበት ዋጋ ዛሬ የጎማ መቀየሪያና የቻርጀር ገመድ ሂሳብ ነው የሚመስለው። ቢበላሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋራንቲው ውጭ ሀገር ነው፣ የሸጠላችሁ ልጅ ተቀብሎ ወደ ካምፓኒው አይልክላችሁም።

ቼስት ስትራፕ የሚባለውን ሀሳብ የሰጡኝ እኚሁ ጋሼ ናቸው። ደረት ላይ ከጡት ስር የሚታሰር ላስቲክ ነው፣ መሀሉ ላይ ትንሽ ሴንሰር አለች። ብርሃን ምናምን የለውም፣ ልብ ስትመታ የምታወጣውን ኤሌክትሪክ በቀጥታ ከቆዳ ላይ ነው የሚያነበው። አዲስ ነገርም አይደለም፣ ፖላር የሚባለው የፊንላንድ ካምፓኒ ያለ ገመድ የሚሰራውን እንደ ፈረንጆቹ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው ያወጣው። የአክስቴ ልጅ ከዲሲ ስትመጣ አንድ አስመጣሁ፣ ዋጋው ሱቁ ላይ ካየሁት ሰዓት ጋር አይገናኝም። በብሉቱዝም በአንት ፕላስም (የስፖርት ዕቃዎች ያለ ገመድ የሚገናኙበት ሌላ መንገድ) ይሰራል፣ እኔ የፈራሁት ሰዓቴ አርጅታለችና አትቀበለውም ብዬ ነበር፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ሴንሰር ጨምር አልኳት፣ ወዲያው አገኘችው።

በማግስቱ ጃንሜዳ ኢንተርቫል (ፈጠን እያሉ፣ ቆም እያሉ የሚሮጥ ልምምድ) ነበረን። ላስቲኩ ውስጥ ላይ ያሉትን ሁለቱን ጥቁር ቦታዎች በውሀ አርጥቤ ማሰር ነበረብኝ፣ ደረቅ ከሆነ መጀመሪያ ላይ ስለሚዘባርቅ። ከዛ ያየሁትን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ፈጥነን ስንነሳ ቁጥሩ አብሮኝ ይወጣል፣ 150፣ 160፣ 170፣ ቆም ስንል አብሮኝ ይወርዳል። ድሮ አንጓዬ ላይ ሰዓቷ ቁጥሩን የምታነሳው ዙሩን ጨርሼ ቆሜ ትንፋሼ ሲመለስ ነበር፣ ልክ ስሮጥ 130፣ ስቆም 165። ሳምንት ሳይሞላ ሪከቨሪው ልክ የሚሰማኝን ያህል መናገር ጀመረ፣ ቪኦቱማክሱም መውረዱን አቆመ። ሰዓቷ ያው ናት፣ ስክሪኑ ያው ነው፣ እኔ ግን አዲስ የገዛሁ ያህል ነው የተደሰትኩት። እውነቱን ለመናገር ከአዲስም በላይ፣ ምክንያቱም ስታሳየኝ አምናታለሁ።

ሴቶች ደግሞ የምትጠይቁት ነገር እንዳለ አውቃለሁ፣ ከስፖርት ጡት መያዣ ጋር አይመችም ወይ ብላችሁ። የኔ ከታችኛው ላስቲክ ስር ገብቶ ይቀመጣል፣ ረጅም ሩጫ ላይ ቆዳ ሊልጥ ስለሚችል ትንሽ ቫዝሊን መቀባት ነው፣ ሴንሰሮቹ የሚያርፉበት ላይ ግን አይቀባም። ስትጨርሱ ሴንሰሯን አውልቃችሁ ላስቲኩን እጠቡት፣ ላቡ ከደረቀበት ቶሎ ይበላሻል። ባትሪው የሳንቲም ቅርፅ ያለው ነው፣ መርካቶ በየቦታው ይሸጣል።

አሁን ስለ ሰዓቷ ባትሪ። ይሄ እርጅናዋ ነው፣ አልደብቅም። ስትገዛ ሳምንት ትቆይ ነበር፣ አሁን በሁለት በሶስት ቀን ቻርጅ ትፈልጋለች። ሊቲየም ባትሪ በተሞላና በተጠቀመ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል፣ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል፣ በማንም ሰዓት ላይ የሚመጣ ነው። አንድ ሰሞን ጭራሽ ቻርጅ አልቀበል ብላኝ ሞተች ብዬ ነበር፣ ጀርባዋን ገልብጬ በስልክ መብራት ሳየው ገመዱ የሚነካባቸው ትንንሾቹ ነጥቦች ላይ ላብ ደርቆ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። በአሮጌ ጥርስ ብሩሽና በትንሽ አልኮል ፈተግኳቸው፣ እሺ አለች። ባትሪ እንቀይርልሽ ያሉኝ ስልክ የሚጠግኑ ልጆች አሉ፣ መቀየሩን ይችሉታል፣ ግን አንዴ ከተከፈተች ውሀ የሚከለክለው ጎማ እንደነበረው ላይገጥም ይችላል፣ ክረምት ላይ ለምሮጥ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ስለሆነ እሺ አላልኩም። የማራቶን ሰው ብሆን ኖሮ ባትሪው ብቻውን ያስቀይረኝ ነበር። እኔ ግን ረጅም የምለው ሩጫ ሁለት ሰዓት ነው፣ እሱን ያለ ችግር ትጨርሳለች።

ከአዲሶቹ ውስጥ በእውነት የሚያስቀናኝ ሁለት ነገር ነው፣ ሁለቱንም ሻጩ አላነሳልኝም። አንደኛው በሁለት ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም ከሳተላይት ሁለት አይነት ሞገድ እየተቀበለ የሚሰራው ጂፒኤስ። ጫካ ውስጥ ባህር ዛፉ መሀል ዚግዛግ እየሰራን ስንሮጥ የኔ ሰዓት መታጠፊያውን ሁሉ እየቆረጠች ርቀቱን ታሳንሰዋለች፣ በሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚይዙት ዛፍና ህንፃ ስር የተሻለ ይስላሉ። ሁለተኛው ባሮሜትር ነው፣ ከፍታን በአየር ግፊት ስለሚለካ የዳገት ሂሳቡ በጂፒኤስ ብቻ ከሚገመተው በጣም የተሻለ ይሆናል። እንጦጦና ሱሉልታ ለሚሮጥ ሰው ይሄ ከማንኛውም ቀለም ይበልጣል። እዛ ሱቅ ተመልሼ ብገባ "ወንድሜ አሞሌዱን ተወውና ባሮሜትር ያለው የቱ ነው" ነው የምለው።

ለጊዜው ግን እሷው ጋር ነኝ። ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫን በሷ ነው የምሮጠው፣ ስትራፑ ደረቴ ላይ ሆኖ። ባትሪዋ ሁለት ሰዓት መድረስ ካቃታት፣ ወይ ስክሪኗ ከተሰነጠቀ፣ ያኔ ባሮሜትርና ሁለት ፍሪኩዌንሲ ያለው፣ ሁለት ሶስት ዓመት የቆየ ሞዴል፣ ብዙም ያልተጠቀሙበት ዩዝድ እፈልጋለሁ። አዲሱም ቢሆን ከዚሁ ስትራፕ ጋር እንዲገናኝ ነው የምፈልገው፣ ስለዚህ ለመሸጥ የምታስቡ ካላችሁ የሞዴሉን ስም፣ ባትሪው ጂፒኤስ በርቶ ስንት ሰዓት እንደሚቆይና ውጪያዊ የልብ ምት ሴንሰር መቀበል አለመቀበሉን አብራችሁ ጻፉልኝ።