የጋዝ ማሞቂያዬ፦ ከጥቅምት እስከ መጋቢት

እህቴ ከዱባይ ያመጣችልኝ ነው። ባለ ጎማ፣ ሲሊንደሩ ከጀርባው የሚገባ፣ ጭስ ማውጫ የሌለው የጋዝ ማሞቂያ። ቤታችን ሽሮ ሜዳ ነው፤ የእንጦጦን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሙቀቱ አይታማም። በአስር ደቂቃ ሳሎኑ ሌላ ቤት ይሆናል። መብራት ሲጠፋም ይሠራል። ጭስ ማውጫ ስለሌለው ሙቀቱ አንድም አይባክንም። ከጋዙ የሚወጣው ሌላው ነገርም እዚያው ከእኛ ጋር ያድራል።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ውሃውን ነው። ጠዋት መስኮቱ ያልበዋል፤ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ግድግዳው ሻገተ። አንድ ኪሎ ጋዝ ሲነድ ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ውሃ በእንፋሎት ይወጣዋል። 12.5 ኪሎውን ሲሊንደር ስንጨርስ አንድ ቢጫ ጀሪካን ውሃ ሳሎን ውስጥ ደፋን ማለት ነው።

ከዚያ ራስ ምታት መጣ። ማታ ይጀምረኛል፣ ጠዋት ታክሲ ስጠብቅ ይለቀኛል። እናቴ «ምች ነው የመታህ» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ። እሷ ከሰል በደንብ ሳይቀላ ቤት አታስገባም፤ ጋዙ ግን አይጨስ፣ አይሸት፣ ማን ይጠርጥረው? የምናውቀው የጋዝ ሽታ እንኳ ሲያፈስ እንዲታወቅ ተብሎ የተጨመረ ነው። ሲነድ አብሮ ይነዳል።

ሌላው የሚያናድደው፣ በየመሀሉ ራሱ ድርግም ይላል። ኦክስጅን ሲያንስ ጋዙን የሚዘጋ ሴንሰር አለው። መመሪያው ከ2,100 ሜትር ከፍታ በላይ እንዲያው ሊጠፋ ይችላል ይላል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 በላይ ናት። ጠጋኙ «ሴንሰሩን አልፌ ዳይሬክት ላርግልህ፣ ሁለተኛ አይጠፋብህም» አለኝ። እሺ ልለው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

በታኅሣሥ እህቴ የካርቦን ሞኖክሳይድ (ጋዝም ሆነ ከሰል በደንብ ሳይነድ ሲቀር የሚወጣው፣ የማይታይ የማይሸት መርዝ) አላርም ላከችልኝ። በሦስተኛው ማታ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ጮኸ። ስክሪኑ 80 ፒፒኤም (ከአየሩ ሚሊዮን እጅ 80ው ካርቦን ሞኖክሳይድ) ይላል። ማሞቂያው ግን እየነደደ ነው! የማሞቂያው ሴንሰር ለካ የሚጠብቀው ኦክስጅንን ብቻ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ደማችን ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ጋዙ ከሚነድባቸው ሸክላዎች የአንደኛው እሳት ሰማያዊነቱ ጠፍቶ ቢጫ ሆኗል፤ ቀዳዳዎቹን አቧራ ደፍኗቸው።

አሁን በረንዳ ላይ ነው የቆመው። እንግዳ ሲበዛ ውጭ እናበራዋለን፤ ለዚያ ከአስር ስምንት እሰጠዋለሁ። ሳሎን ውስጥ ጋቢ ነው። ራስ ምታቱም ተመልሶ አልመጣም። እናቴ ግን እስከ ዛሬ ዳማከሴው ነው ያዳነህ ትላለች።