ባለቤቴ ከሰረ፣ ደብዳቤው ለእኔ መጣ፦ ስለሄድኩበት ሒሳብ ቤት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ አንድ ጠባብ ቢሮ አለ። አንድ የሒሳብ ባለሙያና አንዲት ረዳቱ ይሠሩበታል። ሰው የሚሄደው ግብር ለማሳወቅ ነው። እኔ የሄድኩት ግን እንቅልፍ አጥቼ ነው።

ጉዳዩ የ2016 ነው። ባለቤቴ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይነግድ ነበር። በዱቤ የሰጠው ሳይመለስ ቀረ፣ ኪራይ ተጨመረበት፣ ከሰረ። ቁልፉን ለአከራዩ አስረክቦ ሥራ ፍለጋ ሐዋሳ ሄደ። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ግብሬ ከደሞዜ ላይ በየወሩ ይቆረጣል። ከገቢዎች ጋር ምን አለኝ ብዬ ስኖር፣ አንድ ማክሰኞ የብሎካችን ጥበቃ «ቲቸር፣ ከገቢዎች ነው» ብሎ ፖስታ ሰጠኝ። የባለቤቴ ስም፣ ከሥሩ የእኔ ስም፣ ከዚያ 86,400 ብር።

ባለሙያው ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው። ድምሩን እንኳ አላየም። «እትዬ፣ መቼ ነው የደረሰዎት?» አለኝ። ነገርኩት። የፖስታው ጀርባ ላይ ቀኑን በእርሳስ ጻፈና 21 ቆጠረ። ለካ በውሳኔው ያልተስማማ ሰው ቅሬታውን የሚያስገባው ደብዳቤው በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ ነው። እኔ ስድስቱን ቀን ሳለቅስ ጨርሼዋለሁ። ግብር ከፋዩ ባለቤቴ ስለሆነ ደግሞ ውክልና ከሐዋሳ እስኪመጣ ሌላ አራት ቀን ሄደ።

ቀጥሎ ድምሩን በሦስት ከፈለው፤ ፍሬ ግብር (ዋናው ግብር)፣ መቀጫ፣ ወለድ። ሳይከፈል ለቆየው መቀጫው ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በየወሩ 2 በመቶ እየተጨመረ ነው ያበጠው። «ንግድ ፈቃዱን መልሳችኋል?» ሲለኝ ዝም አልኩ። ካሽ ሬጅስተሩ ራሱ አልጋችን ሥር ነው ያለው! እኛ ከሰርን ብለን ቤት ገብተናል፤ በገቢዎች መዝገብ ግን ሱቁ ክፍት ነው። የመጨረሻው ዓመት ግብር ሱቁ ከተዘጋ በኋላ በግምት የተጣለ ነበር። የኪራይ ውሉ የፈረሰበትን ወረቀት አያይዞ ቅሬታ ጻፈልን፤ የዚያ ዓመት ግብር ተነሳልን። የቀረውን በየወሩ እየከፈልን ነው።

«የነገደው እሱ፣ እኔ ምን አገባኝ?» ብዬም ጠይቄዋለሁ። ደስ የሚል መልስ አልሰጠኝም። በቤተሰብ ሕጉ የአንዱ ተጋቢ ዕዳ መጀመሪያ ከራሱ የግል ንብረት፣ ከሌለው ከጋራ ንብረት ይከፈላል። ለትዳር ጥቅም የዋለ ዕዳ ነው ከተባለ ግን ሁለቱም ይጠየቁበታል፣ በግል ንብረታቸውም ጭምር። የልጆቻችንን የትምህርት ቤት ክፍያ ማን ይከፍል እንደነበር ትዝ አለኝና ክርክሩን ተውኩት። ስለ ቤቴስ? የ97 የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ነኝ፤ የተመዘገብኩት ሳላገባ ነው፣ የተከፈለው ግን ካገባሁ በኋላም ነው። «ይኼ የጠበቃ ሥራ ነው እትዬ፣ እኔ ባላሳስትዎት ይሻላል» አለኝ። ከሁሉም የወደድኩለት ይህንን ነው። ከዚያ በፊት አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ «20,000 ስጪኝና ሙሉ በሙሉ አጠፋልሻለሁ» ብሎኝ ነበር። ይኼኛው 3,500 ነው ያስከፈለኝ፣ ያውም በደረሰኝ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ረዳቷ ማመልከቻው ላይ የቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥሩን አንድ አሃዝ አሳስታ ጽፋ፣ ያወቅኩት ወረፋ ላይ ሆኜ ነው። ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ በሚኒባስ ተመልሼ እንደገና አሳተምኩ፤ ለኅትመቱም ድጋሚ አስከፈለችኝ። ስልክ አያነሱም። ሐምሌ ላይ ደግሞ ባትሞክሩት ይሻላል፣ ሰልፉ ደረጃው ድረስ ይወርዳል።

ከአምስት ኮከብ አራት። የጎደለችው አንዷ የቲን ቁጥሯ ናት።