ነጎድጓድን ማሳደድ ወይስ ከቤት ሆኖ መተንበይ?

ወጪ፦ ለትንበያ ስልክና ኢንተርኔት ይበቃል፤ ዝናብ የት እንዳለ የሚያሳይ የራዳር ምስልና የሳተላይት ምስል በብዙ አገር በነፃ ይገኛል። ማሳደድ፣ ማለትም የነጎድጓድ ደመናን በመኪና ተከትሎ ማየት፣ ግን መኪና፣ ነዳጅና ሙሉ ቀን ይበላል።

ደስታው፦ ጠዋት እርጥበቱንና ንፋሱን አይተህ "ከሰዓት እዚህ ጋ ይዘንባል" ያልከው ሲሳካ ልብ ይሞላል። ሜዳ ላይ ደግሞ ደመናው እንደ አበባ ጎመን ሽቅብ ሲያብጥ፣ ከዚያም አናቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ጎን ሲዘረጋ በዓይንህ ታያለህ። ይህን የትኛውም ስክሪን አይተካውም።

አደጋ፦ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። መብረቅ ዝናቡ ካለበት 10 ኪሎ ሜትር ርቆም ሊመታ ይችላል። ነጎድጓድ ከሰማህ የብረት ጣሪያ ያለው መኪና ውስጥ ግባ፤ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቅ። ጎርፍ የሸፈነው መንገድ ላይ አትንዳ።

ለጀማሪና ጊዜ ላጠረው ትንበያው ይሻላል። ራዳር ማንበብ የለመደና የሚነዳለት ሰው ያለው ይውጣ።