ከአዲስ አበባ ወደ ድሬና ሐረር፦ በአውሮፕላን ወይስ በአውቶቡስ?

ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በቀጥታ መስመር 350 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በመኪና ግን ከ500 ያልፋል። መንገዱ አዋሽ ወርዶ፣ በጨርጨር ተራሮች ተጠማዞ ነው የሚደርሰው። በረራው 1 ሰዓት ገደማ ነው፤ አውቶቡሱ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ቀኑን ይበላል።

ድሬ የሚቀር ሰው ብዙ ማሰብ የለበትም። ኪሱ ከፈቀደ ይብረር።

የሚያከራክረው የሐረር ተጓዥ ጉዳይ ነው። ሐረር የመንገደኛ አውሮፕላን አያርፍባትም። ድሬ ወርዳችሁ፣ ሻንጣ ጠብቃችሁ፣ በባጃጅ መናኸሪያ ሄዳችሁ ሚኒባስ ውስጥ ትቀመጣላችሁ። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ሦስት ይጭናል። ከዚያ የደንገጎ ዳገት ይጀምራል። ድሬ 1,200፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ላባችሁ ሳይደርቅ ሹራብ ያምራችኋል! ቦሌ ቀድሞ መድረሱም አለ። ያ የ1 ሰዓት በረራ ግማሽ ቀን ሆነ ማለት ነው።

የሐረር አውቶቡስ ግን ድሬ አይወርድም። ደንገጎን አልፎ በሐረማያና በአወዳይ አድርጎ ከተማው ይገባል። ዕቃ ለሚያበዛ፣ መኪና መቀያየር ለሰለቸው ይሄ ይሻላል። ለቸኮለ ግን አሁንም አውሮፕላን ነው፤ ድሬ ላይ ኮንትራት ታክሲ ከያዘ ደግሞ ጭራሽ አይወዳደርም።

ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ለሚሄድ ነገሩ ይገለበጣል። ቁልቢ በአውቶቡሱ መንገድ ላይ ናት። በአውሮፕላን የመጣ ከድሬ ደንገጎን ወጥቶ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ መመለስ አለበት፤ ያውም በዚያ ቀን የመኪና ሰልፍ።