የባህል ካርታ፦ በባለሙያ ወይስ በነዋሪ?

የከተማን የባህል ቦታዎች በካርታ ለመመዝገብ ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው የባለሙያ ቆጠራ ነው። ቲያትር ቤት፣ ሙዚየም፣ ስቱዲዮ ይመዘገባል። የለንደን ከተማ አስተዳደር በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው ካርታ ወደዚህ ያደላል። መረጃው ወጥ ስለሆነ ለፕላን ሠራተኛ ይመቻል።

ሁለተኛውን ነዋሪው ራሱ ይሠራዋል። እዚህ ጋ ነገሩ ይጥማል። ወጣቶች የሚጨፍሩበት ድልድይ ሥር፣ ስደተኞች ለበዓል የሚከራዩት አዳራሽ፣ ባለሙያው “ባዶ ቦታ” ብሎ የሚያልፈው ሁሉ ይወጣል። ችግሩ፣ ጊዜና ድምፅ ያለው ሰፈር ካርታውን ይሞላዋል። አንዳንዱ ቦታ ደግሞ ባይታወቅ ይሻለዋል፤ ዝና ኪራይ ይጨምርበታል።

እኔ በነዋሪው ጀምሬ በባለሙያ ባጣራ እመርጣለሁ። የ2003ቱ (እ.ኤ.አ.) የዩኔስኮ ስምምነትም እንደ ጭፈራና በዓል ያለ የማይዳሰስ ቅርስ ሲለይ ማኅበረሰቡ እንዲሳተፍ ይጠይቃል።