ሴልታ፣ ሰርት ቴሶል ወይስ የኦንላይን ቴፍል? ከሐዋሳ ለሚነሣ የእንግሊዝኛ መምህር

እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ ለማስተማር የሚሰጡ ሥልጠናዎችን ማስታወቂያ ያገላበጠ ሰው «120 ሰዓት» የሚለውን ቁጥር ደጋግሞ ያገኘዋል። ይህ ቁጥር በዋጋም በይዘትም እጅግ በሚራራቁ ሁለት ሰርተፊኬቶች ላይ ይታያል። አንደኛው ከጥቂት ዐሥር ዶላሮች ጀምሮ የሚሸጠው የኦንላይን ቴፍል (TEFL፣ እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ ማስተማር) ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በብሪታንያ ብዙውን ጊዜ ከ1,500 ፓውንድ በላይ የሚጠየቅበት የካምብሪጅ ሴልታ (CELTA) ነው። በመጀመሪያው ላይ 120 ሰዓት ማለት ሻጩ ጽሑፉን ለማንበብና ጥያቄዎቹን ለመመለስ ይወስዳል ብሎ የገመተው ጊዜ ነው፤ በሁለተኛው ላይ ግን ሠልጣኙ ከአሠልጣኞቹ ጋር ሊያሳልፍ የሚገባው ዝቅተኛ ጊዜ ነው። እኔ ከጥቂት ዓመታት በፊት የመጀመሪያውን ዓይነት ገዝቼ ሐዋሳ ቤቴ ተቀምጬ በዘጠኝ ምሽት ጨርሼዋለሁ። ሰርተፊኬቱ በኢሜይል ሲደርሰኝ በሥልጠናው ውስጥ አንድም ተማሪ አላስተማርሁም፤ ሳስተምር ያየኝ ሰውም አልነበረም።

በዚህ ምክንያት አንድ መምህር ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ሰዓቱ ድምር ሳይሆን ስንት ሰዓት እያስተማረ እንደሚታይ ነው። በዚህ ረገድ የካምብሪጅ ሴልታና ተመሳሳዩ የትሪኒቲ ኮሌጅ ለንደን ሰርተፊኬት፣ ሰርት ቴሶል (CertTESOL)፣ መልሳቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ስድስት ሰዓት ይጠይቃሉ። ሠልጣኙ እንግሊዝኛ ሊማሩ በመጡ እውነተኛ ተማሪዎች ፊት ሲያስተምር አሠልጣኙ ከኋላ ተቀምጦ ይከታተላል፤ ትምህርቱ ካበቃ በኋላም የተሳካውንና ያልተሳካውን አብረው በሚሠለጥኑት ፊት ይነግረዋል። ይህን መስማት ቀላል አይደለም፤ በተለይ ዐሥር ዓመት ያስተማረ ሰው «ብዙ ያወራኸው አንተ ነህ፤ ተማሪዎቹ መቼ ተናገሩ?» ሲባል ፊቱ መቅላቱ አይቀርም። የሥልጠናው ዋጋ ግን ያለው እዚሁ ላይ ነው።

ሁለቱም በእንግሊዝ የትምህርት ማዕቀፍ ደረጃ 5 ላይ የተቀመጡ ስለሆነ ለቀጣሪ በሚኖራቸው ክብደት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም። ልዩነታቸው በአሠራራቸው ነው። ሴልታ እያንዳንዳቸው ከ750 እስከ 1,000 ቃላት የሚጻፉ አራት የጽሑፍ ሥራዎችንና ልምድ ያላቸውን መምህራን ለስድስት ሰዓት ማየትን ያካትታል፤ ያለፉትንም በሦስት የማለፊያ ደረጃዎች ይለያል። ሰርት ቴሶል ደግሞ ቢያንስ 130 ሰዓት የሚፈጅ ሲሆን፣ ለእኛ አካባቢ መምህር የሚስማሙ ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ሠልጣኞቹ ራሳቸው ሰምተውት የማያውቁትን ቋንቋ የሚማሩበትና የጀማሪን ግራ መጋባት እያስተዋሉ የሚመዘግቡበት ነው። ሲዳሙ አፎ፣ ወላይትኛና አማርኛ በአንድ ክፍል ውስጥ ለሚሰማበት የሐዋሳ መምህር ይህን ስሜት ለመቅመስ ፓውንድ መክፈል ያስቅ ይሆናል፤ ሆኖም ወደሚያውቁት ቋንቋ ሳይተረጎም የሚሰጥ ትምህርት ከተማሪው ወንበር ሲታይ ምን እንደሚመስል ከእኛ መካከል ያየ ጥቂት ነው። ሁለተኛው ክፍል አንድን ተማሪ ብቻ ለይቶ አፍ መፍቻ ቋንቋው በእንግሊዝኛው ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ ማጥናት ነው። የሁለቱ ዋጋ ተቀራራቢ በሆነበት ቦታ እኔ ለእነዚህ ክፍሎች ስል ሰርት ቴሶልን እመርጣለሁ። ሴልታ ግን በብዙ አገሮች ስለሚሰጥ ለመድረስ የሚቀለው እርሱ ነው።

ቦታን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ብሪታንያ የተወሰደ ሰርተፊኬት ይበልጥ የከበረ ስለሚመስለው ነው። ሴልታ በካይሮ፣ በኢስታንቡልና በኬፕታውንም ሲሰጥ የቆየ ሲሆን፣ የትም ቢወሰድ ሰርተፊኬቱ የካምብሪጅ ነው። ሙሉ ቀን የሚሰጠው ሥልጠና ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ስለሚፈጅ በክረምት ዕረፍታችን፣ በሐምሌና በነሐሴ ወራት፣ ሊጠናቀቅ ይችላል። ወደ ብሪታንያ የሚሄድ ሰው በጎብኚ ቪዛ ዕውቅና ባለው ተቋም እስከ ስድስት ወር መማር ስለሚፈቀድለት የተማሪ ቪዛ አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ወጪውን የሚሸፍንበትን ገንዘብ ምንጭና ወደ አገሩ የሚመለስበትን ምክንያት በማስረጃ ማሳየት ይጠበቅበታል። ከትምህርት ቤቱ የሚጻፍ የሥራና የዕረፍት ፈቃድ ደብዳቤ እዚህ ላይ ብዙ ይረዳል። ወጪውን ሲያሰላ ደግሞ የድሮውን ምንዛሪ ይርሳ፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በዚህ ምንዛሪ አምስት ሳምንት ለንደን ማደርና መብላት ከሥልጠናው ክፍያ ጋር ሊፎካከር ስለሚችል፣ የኑሮ ወጪዋ የቀለለ ከተማ መምረጥ ማነስ አይደለም።

ከ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ደግሞ ሴልታን የማስተማር ልምምዱን ጨምሮ ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት መውሰድ ተችሏል። ይህ ከተራው የኦንላይን ቴፍል ጋር መምታታት የለበትም፤ ተማሪዎቹ እውነተኛ ናቸው፣ ስድስቱ ሰዓትም አይቀነስም። ከሐዋሳ ሳይወጡ መውሰድ ቪዛንና የአውሮፕላን ትኬትን ያስቀራል፤ ነገር ግን በምዘናው መካከል መብራት ቢጠፋ ኢንተርኔቱን የሚያቆይ መጠባበቂያ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። በዚህ መንገድ የሚታጣው ነገር በወንበሮች መካከል መዘዋወር፣ ሰሌዳ መጠቀምና የኋለኛውን ረድፍ በዓይን መያዝ ነው። ወደፊት ጎልማሶችን በኢንተርኔት ለማስተማር ላሰበ ሰው ይህ ጉዳት አይደለም፤ እንዲያውም የተሻለው ምርጫ ነው። ወደ ክፍሉ ለሚመለስ መምህር ግን በአካል የሚሰጠው ይሻላል።

ወደ ክፍል ስለ መመለስ ካነሣን፣ የልምምዱ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ ከዐሥራ ሁለት የማይበዙ ጎልማሶች መሆናቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ ጋ 60 ልጆች በሦስት በሦስት ዴስክ ላይ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ወረቀት ማባዛት፣ ወንበሮችን በክብ መደርደርና ተማሪዎችን እየዞሩ እንዲጠያየቁ ማድረግ ሐዋሳ ሲደርሱ ከሻንጣ የማይወጡ ነገሮች ናቸው። የሚሠሩትም አሉ፤ መመሪያን በሁለት አጭር ዐረፍተ ነገር መስጠት፣ «ገባችሁ?» ከማለት ይልቅ መግባቱን የሚያሳይ ጥያቄ መጠየቅ፣ መልሱን ከተማሪው አውጥቶ ማናገር ወረቀትም ሰፊ ክፍልም አይጠይቁም።

ሥራን በተመለከተ ደላሎች የሚሉት አብዛኛው አይታመንም። ለምሳሌ ደቡብ ኮሪያ ለቋንቋ መምህራን የምትሰጠው ኢ-2 ቪዛ እንግሊዝኛን ለማስተማር የተፈቀደው ለሰባት አገሮች ዜጎች ነው፤ እነርሱም አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ሴልታን በከፍተኛው ደረጃ ቢያልፍም ይህ በር አይከፈትለትም። ዓላማው ውጭ ተቀጥሮ መቅረት የሆነ ሰው ከሰርተፊኬቱ በፊት የሚሄድበትን አገር የቪዛ ደንብ ያንብብ።

አራተኛ አማራጭም አለ። ዲግሪና ልምድ ያለው መምህር የብሪታንያ መንግሥት ለሚሰጠው የቺቭኒንግ ስኮላርሺፕ ተወዳድሮ በብሪታንያ የአንድ ዓመት ማስተርስ ያለ ክፍያ ሊማር ይችላል፤ መስፈርቱ ቢያንስ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድና ከትምህርቱ በኋላ ለሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስ ነው። ይህ በደረጃ ዕድገት ከማንኛውም ሰርተፊኬት ይበልጣል፤ ውድድሩ ግን ከባድ ነው፣ በብዙዎቹ የማስተርስ ትምህርቶችም እየታዩ የሚያስተምሩበት ሰዓት ጥቂት ነው ወይም ጨርሶ የለም።

ገንዘብ ከመላኩ በፊት ማዕከሉ በካምብሪጅ ወይም በትሪኒቲ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን በራሳቸው ድረ ገጽ ማረጋገጥ ይገባል። እውነተኛው ማዕከል አመልካቹን በጽሑፍ ይፈትነዋል፤ ቃለ መጠይቅም ያደርግለታል፤ እንግሊዝኛውም በአውሮፓ የቋንቋ ችሎታ መለኪያ በሲ1 (C1) ከፍተኛ ደረጃ ወይም በመጨረሻው በሲ2 (C2) ላይ መሆኑን ይመለከታል። ሳይፈትን «ተቀብለንዎታል፣ ይክፈሉ» የሚል ካለ የሚሸጠው ሌላ ነገር ነው። ቪዛ ቢከለከል ከክፍያው ምን ያህል እንደሚመለስና በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስም በጽሑፍ ያስፍሩለት፤ በስልክ የተሰጠ ተስፋ ባንክ ዘንድ አይሠራም።